ቫይረሱን ማን አመጣው?

ክፉ ነገር ሲደርስብን ከአፋችን ቀድሞ የሚወጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ማን አመጣው?» ጉንፋን ቤቱን ሲያዳርስ ማን አመጣው እንላለን። የሰፈር ወሬ ሲናፈስ ማን አመጣው እንላለን። በረት ውስጥ አንዲት ላም ካሳለች፣ ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ በተገዛችው ጊደር ላይ ዓይናችንን እናፈጣለን። ክፉው ሁልጊዜ ከውጭ የመጣ ነው፤ ያመጣውም ሌላ ሰው ነው። «እኔ ነኝ ያመጣሁት» ብሎ እጁን ያወጣ ሰው ስንት ጊዜ አይታችኋል? እኔ በጣቶቼ ብቆጥር ጣቶቼ ይተርፋሉ።

እንግዲህ ለዛሬ ላነሳው የፈለግኩት ጉዳይ ይኸው ነው። ሰው ሳያውቅ ለተሸከመው ክፉ ነገር ይጠየቅበታል ወይስ አይጠየቅበትም? ሲሰሙት ለፍልስፍና መምህራን የተተወ ጥያቄ ይመስላል። እኔ ግን ያገኘሁት ሳጉሬ ውስጥ፣ አንዲት ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ጥያቄውን ያስነሳውም የኮምፒዩተር ቫይረስ ነበር።

ሳጉሬን ለማታውቁ፣ ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የዲገሉና ጢጆ ወረዳ ከተማ ናት። ዙሪያዋ ስንዴና ገብስ፣ ብርዷ ጋቢ የሚያስደርብ ደጋ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ይሆነዋል፣ በከተማዋ አንዲት ወጣት ሁለት ኮምፒዩተርና አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን ይዛ ትሠራ ነበር። ማመልከቻ ትጽፋለች፤ የእድር ደንብ ትጽፋለች፤ ፈተና ታባዛለች፤ የሠርግ ጥሪ ታትማለች። በእንዲህ ያለ ከተማ የጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር እንደ ምንጭ ውሃ ነው፤ የማይቀዳበት የለም። መምህሩም፣ የቀበሌው ጸሐፊም፣ ነጋዴውም፣ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት የመጣው ተማሪም ፍላሹን የሚሰካው እዚያው ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ተራዬን ስጠብቅ አንድ መምህር እያለከለኩ ገቡ። የመንፈቅ ዓመቱን የተማሪዎች ውጤት የያዘው ፍላሻቸው አልከፍት ብሏቸዋል። ልጅቷ ተቀብላ ሰካችው። ፎልደሮቹ በየስማቸው ተደርድረዋል፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት አለችባቸው። ቢነኳቸው «አልተገኘም» ይላሉ።

«ቲቸር፣ አይደንግጡ። አልጠፋም፤ ተደብቆ ነው» አለቻቸው። ጥቁር መስኮት ከፈተችና አንዲት መስመር ትዕዛዝ ጻፈች። የተማሪዎቹ ውጤት አንድ በአንድ ተመልሶ ብቅ አለ። መምህሩ እፎይ አሉ። ከእፎይታው ቀጥሎ የመጣው ግን ምስጋና አልነበረም።

«ለመሆኑ ከየት ነው የገባብኝ? ከትናንት ወዲያ የሰካሁት እዚህ ነው።»

«ቲቸር፣ ከእርስዎም ወደኔ ገብቶ ሊሆን ይችላል።»

«እኔ ነኝ ያመጣሁት ልትይኝ ነው?»

ነገሩ ከዚያ በኋላ ጠጠረ። የተቀመጡት ደንበኞች ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ሴትዮ ፎቶ ሊያሳጥቡበት ያመጡትን ፍላሽ ቀስ ብለው ወደ ቦርሳቸው መለሱት። እኔም ተራዬ እስኪደርስ ሁለቱንም እያዳመጥኩ አሰብኩ። ሁለቱም ያልሠሩትን ነገር ለማስተባበል ላባቸው ጠብ እስኪል ይከራከራሉ። ቫይረሱ ደግሞ ማሽኑ ውስጥ ተቀምጦ ቀጣዩን ፍላሽ ይጠብቃል።

እስቲ ወደዚህ ተከራካሪ የሌለው ጥፋተኛ እንምጣ። ክፉ ሶፍትዌር በያዘው ኮምፒዩተር ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ልብ ብሎ ላየ ሰው ትምህርቱ ቀላል አይደለም። በመጀመሪያ፣ የራሱ የሆነ ምንም ጉልበት የለውም። መብራቱ የባለቤቱ ነው፤ ማሽኑ የባለቤቱ ነው፤ ፈቃዱም ጭምር የባለቤቱ ነው። ኮምፒዩተር ትዕዛዝ ሲመጣለት «ይኼ የታዘዘው በማን ስም ነው?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ «አዛዡ ምን አስቦ ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ አንድ ጊዜ በአንተ እጅ ከተከፈተ፣ የሚሠራው ሁሉ አንተ እንደሠራኸው ተቆጥሮ ይፈጸማል።

አገባቡም እንደዚሁ ነው። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ፍላሽ መሰካት ብቻውን ይበቃ ነበር፤ ማሽኑ እንግዳው የያዘውን ፕሮግራም ራሱ አስነስቶ ያስተናግደዋል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ይኼን በር በፍላሽ ለሚመጣ እንዲዘጋ አደረገ። ያን ጊዜ ቫይረሱ የኛን እጅ ተጠቀመ። እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በቦታው በዚያው ስም፣ በዚያው መልክ፣ ሾርትከት የሚባለውን ያስቀምጣል። «የ8ኛ ሀ ውጤት» የሚለውን ስትነካ በመጀመሪያ ቫይረሱ ይነሳል፤ ወዲያው ደግሞ እውነተኛው ፎልደር ይከፈትልሃል። የፈለግከውን አገኘህ፤ ምን ትጠረጥራለህ? መምህሩ የነቁት የሄዱበት ሌላ ኮምፒዩተር አንቲቫይረስ ስለነበረው ነው። አንቲቫይረሱ ቫይረሱን አጠፋው፤ ሾርትከቱ የሚጠራውን አጣና አልከፍት አለ። ልብ በሉ፤ ፍላሹ ታሞ በነበረበት ጊዜ ሁሉ ጤነኛ መስሎ ሠርቷል፤ የታመመ የመሰለው መታከም ሲጀምር ነው።

ከገባ በኋላ የሚያደርገው ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። ማሽኑ ጠዋት ሲነሳ አብረው ከሚነሱት ፕሮግራሞች ተርታ ስሙን ያስመዘግባል። ከዚያ ወደ ማጥፋት አይቸኩልም፤ በመጀመሪያ ዓይን ነው የሚያጠፋው። በማሽኑ ውስጥ አሁን ማን ማን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን ታስክ ማኔጀር የሚባለውን መስኮት ይከለክላል። «የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ» ብለህ ብታዝ፣ ዞር ስትል መልሶ ይደብቃቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ታይቶ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ማሽኖችን ያዳረሰው ኮንፊከር የሚባለው፣ የአንቲቫይረስ ኩባንያዎችን ድረ ገጾች ሳይቀር ይዘጋ ነበር። ሌላው ኢንተርኔት እንደልብህ ይከፈትልሃል፤ ሐኪም ቤቱ ብቻ ዝግ ነው። ይኼው ኮንፊከር የገባበትን ቀዳዳ ከኋላው ይደፍን ነበር፤ ሌላ ሌባ እንዳይጋፋው። ለኮምፒዩተሩ አዝኖ እንዳይመስላችሁ።

ከሁሉም የሚያስደነግጠው እ.ኤ.አ. በ2010 የተደረሰበት ስታክስኔት ነው። የኢራን የናታንዝ የዩራኒየም ማበልጸጊያ ከኢንተርኔት ጋር ስላልተገናኘ እንዲህ ያለ ቦታ የሚያስገባው የሰው እጅና ፍላሽ ነው። ገብቶም ማሽኖቹን እያወከ፣ ለተቆጣጣሪዎቹ ግን የጤናማውን ጊዜ ልኬት ያሳያቸው ነበር። ማሽኑ ይሰቃያል፤ ሰሌዳው «ደህና ነኝ» ይላል። «እንዴት ነህ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ፣ ቤቱ ገብቶ በሩን ዘግቶ የሚያለቅስ ሰው የምናውቅ ሁሉ ይኼ ነገር አዲስ አይሆንብንም።

ከዚህ ሁሉ እኔ የወሰድኩት አንድ ነገር ነው። ክፉ ነገር በመጀመሪያ የሚመታው ራሳችንን የምናይበትን መስኮት ነው። ሌላው ጉዳት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ደግሞም ብዙ ጊዜ ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው ቫይረሱ ራሱ አይደለም። በዚያ ዘመን ስንቱ ሰው ፎልደሩ ሾርትከት ሆኖበት ደንግጦ ፍላሹን ፎርማት አስደረገ! የተደበቀው ሰነድ እዚያው ነበረ፤ የደነገጠው ባለቤት ግን በገዛ እጁ ደመሰሰው። ቫይረሱ ደበቀ፤ ድንጋጤው አጠፋ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን። መምህሩ ጥፋተኛ ናቸው? ልጅቷስ?

ሕጉን ከጠየቅነው መልሱ አጭር ነው። የኢትዮጵያ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ፣ ቁጥር 958/2008፣ ጎጂ ፕሮግራም በማስተላለፍ የሚቀጣው ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል እያወቀ፣ ሆን ብሎ ያስተላለፈውን ነው። ሁለቱም አላወቁም፤ ስለዚህ ሁለቱም ነጻ ናቸው። ይኼ ትክክል ነው። ሳያውቅ ለተሸከመው ሁሉ ሰው ቢታሰር፣ የመጀመሪያውን የጉንፋን ወር አንድም ሰው ውጭ ሆኖ አያሳልፈውም።

የአርሲ ሽማግሌዎች ግን ሌላ ሚዛን አላቸው። ጉማ ይባላል። ሰው የሰው ሕይወት ሲያጠፋ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ካሣ ተቆርጦ፣ ሁለቱ ወገኖች የሚታረቁበት የኦሮሞ ሥርዓት ነው። አስቦ የገደለና ሳያስብ የገደለ እኩል አይታዩም፤ የካሣው መጠን ይለያያል። ነገር ግን ሳያስብ የገደለውም «አላሰብኩም» ብሎ ወደ ቤቱ አይሄድም። ጉማው አለበት፤ ጎሳውም ተካፍሎ አብሮት ይከፍላል። በሌላውም አገራችን ክፍል መኪናው ሳያስበው ሰው የገጨበት ሾፌር ቤተሰብ፣ ትራፊክ ፖሊሱ ጥፋት የለበትም ቢልም እንኳ፣ ሽማግሌ ይልካል። ለምን ይልካል? ጥፋት ከሌለበት ምን ፈልጎ ነው ደጅ የሚቆመው?

እኔ እንደሚገባኝ አባቶቻችን ሁለት ነገሮችን ለይተው ያውቁ ነበር፤ ጥፋትንና ዕዳን። ጥፋት በልብ ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ አስበሃል ወይስ አላሰብክም? ዕዳ ግን በእጅህ ያለፈ ነገር ነው። የሟች እናት ኀዘኗ የሾፌሩን ሐሳብ አይጠይቅም። አንተ ንጹሕ ብትሆንም አንድ ነገር በአንተ በኩል አልፎ ሌላ ሰው ቤት ደርሷል፤ መንገዱን የምታውቀው ደግሞ አንተ ነህ። ስለዚህ ጥፋት የለብህም፤ ዕዳ ግን አለብህ።

የፍላሽ ቫይረስ ተሸካሚ ዕዳው ምንድን ነው? ገንዘብ አይደለም። መናገር ነው። «ወዳጄ፣ ባለፈው ሳምንት ፍላሼን ያንተ ኮምፒዩተር ላይ ሰክቼ ነበር፤ ቫይረስ አለበት አሉኝ፤ ያንተን አስፈትሽ» ብሎ መደወል። በቃ፤ ይኸው ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ታዲያ ለምንድን ነው የማናደርገው?

ልጅቷ አደረገችው። ከዚያ ጭቅጭቅ በኋላ፣ የዱቤና የቀጠሮ ደብተሯን አወጣችና በዚያ ሳምንት ፍላሽ ሰክተው የሄዱትን ሰዎች በቃሏም በደብተሯም እያስታወሰች ደወለች። «ማሽኔ ላይ ቫይረስ ተገኝቷል፤ አጽድቼዋለሁ፤ ፍላሽዎን ያምጡልኝ በነጻ ላይልዎ» ነበር የምትላቸው። አንዳንዱ «ተባረኪ» አላት። አንዳንዱ ሰደባት። አብዛኛው «እሺ» ብሎ ስልኩን ዘጋና ሁለተኛ ወደ ቤቷ ድርሽ አላለም። በሌላ ጊዜ ሳጉሬ ስመለስ ሱቋ ጭር ብሎ አገኘሁት። ደጃፏ ላይ «ፍላሽ ከመሰካቱ በፊት ይፈተሻል» የሚል ወረቀት ለጥፋለች። እሱም ሰው አስቀይሟል፤ «እኛን በሽተኛ አደረገችን» ብለው። ሌሎቹ ጽሕፈት ቤቶች ግን ወረፋ ነበር። ማሽናቸው ከእሷ ንጹሕ ስለሆነ አልነበረም፤ የደወለች እሷ ብቻ ስለሆነች ነው።

እንግዲህ የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ይመስለኛል። እውነቱን የተናገረ እንጀራውን ካጣ፣ ዝም ያለው ደግሞ ገበያ ከደራለት፣ ነገ ማን ይናገራል? ቫይረሱ ከማሽን ወደ ማሽን የሚሄደው በሁለት እግሮች ነው። አንዱን እግር የሠራው ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ነው። ሁለተኛውን የሠራነው እኛ ነን፤ እፍረታችን ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልን እንተርታለን፤ በሽታውን የገለጠውን ደግሞ እንሸሸዋለን።

ጉማ ይኼን ነገር አስቦበታል። ካሣው ከተከፈለና ዕርቁ ከተፈጸመ በኋላ ቂም የለም። ከፋዩ ዕዳውን ይወጣል፤ ተቀባዩም ይቅር ይላል፤ ሁለቱም ያለባቸው ድርሻ አለ። ተቀባዩ ካሣውን ተቀብሎ ቂሙን ቢያስቀምጥ ሥርዓቱ ይፈርሳል። የፍላሹም ነገር እንደዚሁ ነው። የተሸከመው ዕዳ መናገር ከሆነ፣ የሰሚው ዕዳ ደግሞ የነገረውን ሰው አለመቅጣት ነው። ይኼኛውን ዕዳ ስንቶቻችን ከፍለናል?

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ይባላል። እሺ፤ ግን ምኑን እንጠርጥር? ስንጥሩን ወይስ ገንፎ ያቀረበችውን እናት? ባንክ ስንገባ፣ መሥሪያ ቤት ስንገባ፣ በር ላይ ክንዳችንን ከፍ አድርገን እንፈተሻለን። «እኔን ሌባ አደረግከኝ?» ብለን ከጥበቃው ጋር አንጣላም፤ ፍተሻው ለሁሉም ስለሆነ ማንንም አያዋርድም። ለፍላሻችን ሲሆን ግን ክብራችን ይነካል። ዕቃን መጠርጠርና ሰውን መጠርጠር የተለያዩ መሆናቸውን ብንቀበል፣ የልጅቷ ወረቀት ስድብ መሆኑ ቀርቶ ለእንግዳ እንደሚቀርብ የእጅ ውሃ በታየ ነበር።

እዚህ ላይ «አንተ ሰውዬ፣ ለአንድ ሾርትከት ይኼን ሁሉ ታወራለህ?» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እንግዲያው ከሾርትከት የከበደ፣ የኛኑ ወገን የነካ ጉዳይ ላንሳ።

በየካቲት 2006 ዓ.ም. አሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር፣ ትውልዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ አሜሪካዊ በዋሽንግተን ዲሲ ፌዴራል ፍርድ ቤት የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። ለደኅንነቱ በሽፋን ስም «ኪዳኔ» ተብሎ ነው የተከራከረው። በክሱ እንደተገለጸው ኮምፒዩተሩ ውስጥ ፊንስፓይ የሚባል የስለላ ሶፍትዌር ገብቶ ለወራት ተቀምጧል። የስካይፕ ንግግሮቹን ቀድቷል። የቤተሰቡን የኢንተርኔት እንቅስቃሴ መዝግቧል። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የነበረው ልጁ ለታሪክ ትምህርት የቤት ሥራው ስለ ስፖርት ሕክምና ታሪክ የፈለገው ሳይቀር ተመዝግቧል። ሶፍትዌሩም የተመዘገበውን ኢትዮጵያ ውስጥ ወዳለ ሰርቨር ይልክ እንደነበር ክሱ ያስረዳል።

እንዴት ገባ? በኢሜይል አባሪ ሆኖ። ኢሜይሉን ማን ላከለት? የሚያውቀው ሰው። ያ ሰው ደግሞ ከሌላ የመጣለትን ነው ያስተላለፈው። ይኸውላችሁ፤ የሳጉሬው ፍላሽ ውቅያኖስ ተሻግሮ መጣ። ክፉው ነገር በር ሰብሮ አልገባም፤ ወዳጅነትን ተከትሎ ገባ። ኪዳኔ የከፈተው ያንን ሰው ስላመነ ነው። እንግዳ ሰው ቢልከው ኖሮ ምናልባት አይከፍተውም ነበር።

ፍርዱስ? የመጀመሪያው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 መዝገቡን ዘጋው፤ ይግባኝ ሰሚውም በመጋቢት 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2017) አጸናው። ምክንያቱም ድርጊቱ ከመነሻው እስከ መድረሻው አሜሪካ ምድር ላይ አልተፈጸመም፤ የታሰበውም የታዘዘውም ከውጭ ነው፤ ስለዚህ በአገሩ ሕግ የውጭ መንግሥት በዚህ ሊከሰስ አይችልም የሚል ነበር። ቁስሉ ሜሪላንድ፣ እጁ ሌላ አገር። ሳጉሬ ውስጥ ጥፋት የሌለባት ልጅ ዕዳ ስትከፍል አይተናል። እዚህ ደግሞ ጥፋት ተሠርቷል ተብሎ የቀረበ ክስ፣ የሚሰማበት ደጅ አጣ።

ይኼ የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻም አልነበረም። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የሚባል የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2013፣ በ2014፣ በ2015 እና በ2017 ባወጣቸው ዘገባዎች፣ በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞችና ፖለቲከኞች እንዲህ ባሉ ሶፍትዌሮች መታደናቸውን አስረድቷል። ማጥመጃው ሁልጊዜ የሚያጓጓ ነገር ነበር። አንድ ጊዜ የተቃዋሚ መሪዎች ፎቶ፣ ሌላ ጊዜ ሰነድ፣ ሌላ ጊዜ «ማጫወቻህን አድስ» የሚል የቪዲዮ ማሳሰቢያ። ሰው የሚወደውን፣ የሚናፍቀውን፣ የሚቆረቆርለትን ነገር አጥንተው በዚያ በኩል ይመጡበታል።

ታዲያ እንዲህ ያለው ክፋት ፊት የኛ ትንሽዬ «መናገር» ምን ይፈይዳል? ብዙ ይፈይዳል። የኪዳኔ ጉዳይ ሊታወቅ የቻለው ቀድሞ ሌሎች የተጠረጠረ ኢሜይላቸውን ለመርማሪዎች ስላሳዩ ነው። «እኔ ጋ እንዲህ ያለ ነገር መጥቷል» ያለ ሰው ባይኖር የሶፍትዌሩ መልክ አይታወቅም ነበር። ዛሬ ደግሞ በየእጃችን ባለው ስልክ ነገሩ ቀጥሏል። የአንዱ ወዳጃችን ቴሌግራም ይጠለፍና በእሱ ስም «እባክህ ትንሽ ብር ላክልኝ፣ ማታ እመልሳለሁ» የሚል መልእክት ይመጣል። ላኪው እሱ አይደለም፤ ስሙ ግን የእሱ ነው። ወዳጃችን አፍሮ ዝም ካለ አሥር ሰው ይከስራል። በአንድ ሰዓት ውስጥ «እኔ አይደለሁም፣ እንዳትልኩ» ብሎ ካስነገረ ማንም አይከስርም። የሐሰት ወሬ ያስተላለፈም ሰው እንደዚሁ ነው። «እኔ አልጻፍኩትም፤ ሼር ነው ያደረግኩት» ይላል። አልጻፍከውም፤ ጥፋት የለብህም እንበል። ግን በአንተ በኩል አልፎ ሄዷል። ሐሰት መሆኑን ባወቅክ ዕለት፣ እውነቱንም በዚያው መንገድ የመላክ ዕዳ አለብህ። ከዚያ ዕለት በኋላ ዝም ካልክ ደግሞ ዕዳው ወደ ጥፋት ይለወጣል። አለማወቅ ይቅር የሚያሰኘው እስኪያውቁ ድረስ ነው።

የአርሲ ገበሬ ይኼን ነገር ከኮምፒዩተር በፊት ከስንዴው ያውቀዋል። ዋግ የሚሉት የስንዴ በሽታ አለ። ሕይወት ያለው ተክል ላይ ካልሆነ አይኖርም፤ ስለዚህ እሱም እንደ ቫይረሱ ቤቱን ቶሎ ማፍረስ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ከቤቱ ተነስቶ ወደ ጎረቤት መብረር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ አገሩን ከመታው በኋላ ብዙ ገበሬ ያንን በሽታ ወደሚቋቋመው፣ ስሙ ከሳጉሬው ወረዳ ከዲገሉ ጋር ወደሚመሳሰለው «ዲጋሉ» ወደሚባለው ዝርያ ፊቱን አዞረ። ከኅዳር እስከ ጥር 2006 ዓ.ም. ድረስ ግን ሌላ ዓይነት የግንድ ዋግ ተነስቶ ያንኑ ዲጋሉን በባሌና በአርሲ አጨደው፤ ምርቱ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ የጠፋበት ማሳ ነበር። የዋግ ዘር በነፋስ ነው የሚመጣው። ነፋሱን ማን ይከሰዋል?

ስለዚህ የስንዴ ባለሙያዎች «ማን አመጣው?» በሚለው ላይ አልተቀመጡም። ከአሰላ አጠገብ ያለው የቁሉምሳ ምርምር ማዕከል ሰዎችና ባልደረቦቻቸው የታመመ ቅጠል እየለቀሙ፣ የት የት እንደታየ እየመዘገቡ፣ ነፋሱ ቀጥሎ ወዴት ሊወስደው እንደሚችል ወደ ማስላት ሄዱ። በኋላም የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል ሲሚት፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ እና ሌሎችም ተባብረው የዋግ ማስጠንቀቂያ ትንበያ ዘረጉ። ይኼ ሁሉ የሚሠራው ግን አንድ ገበሬ «እኔ ማሳ ላይ ታይቷል» ብሎ ሲናገር ነው። ማሳው የታመመበት ገበሬ አያፍርም፤ ጎረቤቱም «በሽታ አመጣህብን» ብሎ አያገለውም። ቢያገለው ኖሮ የሚቀጥለው ገበሬ ቅጠሉን በጉያው ይደብቅ ነበር።

እንግዲህ እኔ የምለው «ማን አመጣው?» የሚለውን ጥያቄ ለመርማሪና ለዳኛ እንተወው ነው። ሆን ብሎ የጻፈውን፣ አስቦ የላከውን እነሱ ይፈልጉት፤ ቢያገኙት ደስ ይለናል። እኛ በየቤታችን፣ በየመሥሪያ ቤታችን፣ በየጽሕፈት ቤቱ አግዳሚ ላይ የምንጠይቀው ሌላ ይሁን፤ «እነማን ጋ ደርሷል?» የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሉንም ያስተባብላል። ሁለተኛው ሁሉንም ስልክ ያስነሳል።

የደወለልንን ሰው ደግሞ አንስደበው። ፍላሻችንን ይዘን እሱ ጋ እንሂድ፤ ስለ ቫይረሱ የነገረን እሱ ብቻ ነውና።